የነሐሴዎቹን ናሙናዎች አትጣያቸው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ከደብረ ማርቆስ ጻፈችልኝ። ለመመረቂያ ሥራዋ የአሉሚኒየምና የሲሊከን ቅይጥ እያቀለጠች ጥንካሬውን ትለካለች። «ጋሼ፣ ነሐሴ ላይ ያፈሰስኳቸው ውስጣቸው ቀዳዳ ብቻ ነው። አማካዩን አበላሹብኝ። ባወጣቸው ችግር አለው?» ትላለች።

እንቅልፍ ነሳችኝ። ይህንኑ ጥያቄ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ዳር ሆኜ ራሴን ጠይቄ፣ ራሴው መልሼው ነበር።

ያኔ ከቆራሌው አሮጌ ፒስተን እገዛና ድስት ወደሚሠሩ አንድ አባት እወስዳለሁ። በከሰልና በወናፍ ያቀልጡታል፤ የአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ያፈስሱልኛል። እናቴ ወጥ የምትሠራበት ድስትም የእንደዚህ ዓይነት ሰው እጅ ሥራ ነበር፤ ክዳኑ ገጥሞ አያውቅም እንጂ ሃያ ዓመት አገልግሏል። የሚያዝያዎቹ ናሙናዎች ቆንጆ ወጡ። ነሐሴ ላይ ግን በዝናብ የራሰ ቁርጥራጭ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ ደረስኩ። አባባ አዩትና፣ «እሳት ዳር ይዋልና ይድረቅ እንጂ! እርጥቡ ቢገባ ፈንድቶ ያቃጥለናል። ባይፈነዳም ብረቱ ውሃ ይጠጣል» አሉኝ።

ብረት ውሃ ይጠጣል? ፊታቸው ላይ ሳቅኩ። በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ «ቸኩያለሁ፣ አባባ» አልኩ። ለአደጋው ብለው ትንሽ አሞቁትና አፈሰሱልኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገሩም።

ናሙናውን በመጋዝ ስቆርጠው እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ሰባቱንም ጣልኳቸው። በሚያዝያዎቹ ብቻ አማካይ ሠርቼ ተመረቅኩ፤ ጥሩ ውጤትም አገኘሁ።

የሚያንገበግበኝ ነገሩን አለማወቄ አይደለም። አውቀው ነበር! በዚያው ዓመት ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። የቀለጠ አሉሚኒየም እርጥበት ሲያገኝ ኦክስጅኑን ለራሱ ወስዶ ኦክሳይድ ይሠራል፤ ሃይድሮጅኑ ፈሳሹ ውስጥ ይገባል። ንጹሑ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ሲረጋ ጠጣሩ መያዝ የሚችለው ሃይድሮጅን ፈሳሹ ከሚይዘው ከሃያ እጅ አንዱን ያህል ነው። መውጫ ያጣው ጋዝ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። አባባ «ይጠጣል» ያሉት ይህንን ነው። «ሃይድሮጅን» ቢሉኝ ኖሮ ደብተሬን አወጣ ነበር።

የዛሬ ልጆች ሶፍትዌር ላይ የምትገርሙ ናችሁ፤ ከሰል ግን መንካት አትወዱም። እንዲህ ስል እኔስ መቼ ነካሁ? ያራገቡት እኮ እሳቸው ናቸው።

በ1906 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አልፍሬድ ቪልም የሚባል ጀርመናዊ፣ አሉሚኒየም ከመዳብና ከትንሽ ማግኒዥየም ቀይጦ፣ አግሎ በውሃ አቀዘቀዘው። ከቀናት በኋላ ሲለካው ማንም ሳይነካው ጠንክሮ አገኘው። መለኪያው ተሳስቷል ብሎ ቢተወው ኖሮ ዱራሉሚን የተባለው ጠንካራ ቅይጥ በእሱ እጅ አይገኝም ነበር። ዜፔሊን የሚባሉት ግዙፍ የአየር መርከቦች፣ የኋለኞቹ አጽማቸው የተሠራው በዚያ ነው።

ጓንትና መነጽር አድርጊ የሚለውን አልደግምልሽም። የነሐሴዎቹን ግን አታውጪያቸው። ለብቻቸው በሠንጠረዥ አስቀምጪያቸው፤ ያፈሰስሽበትን ቀን፣ ዘንቦ እንደነበር፣ ቁርጥራጩ የት እንዳደረ ጻፊ። አማካዩ ይበላሽ። አማካሪሽ ከተቆጣ በእኔ አሳብቢ።

ደግሞ ከመካከላቸው አንዱን ቁረጪና ፊቱን በስልክሽ አንስተሽ ላኪልኝ። የእኔዎቹ ፎቶ እንኳ የላቸውም።