ድዴ ሲደማ መቦረሽ ላቁም?

ጥያቄ፦ ስቦርሽ ድዴ ስለሚደማ ቡርሹን ከተውኩት ሳምንት ሆነኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ነርቭህ ተነክቷል፣ ሩት ካናል ያስፈልግሃል» ብሎ አስፈራራኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ኧረ ቡርሽህን ቶሎ አንሳ! ድድ ብዙውን ጊዜ የሚደማው ስለተቆጣ ነው፤ መቦረሽ መተው ደግሞ ያባብሰዋል። በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የዴንማርክ ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች ሆን ብለው ጥርሳቸውን ማጽዳት አቆሙ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ መቦረሽ ሲጀምሩ ግን በሳምንት ገደማ ዳነላቸው። (ፈቃደኞቹን ማን ጠጋ ብሎ አዋርቷቸው ይሆን?) ሩት ካናል ሌላ ጉዳይ ነው፣ ባክቴሪያ ጥርሱ ውስጥ ዘልቆ ነርቩን ሲጎዳው፣ የተጎዳውን አውጥቶ የጥርሱን ውስጥ ለማጽዳትና ለመሙላት የሚሠራ ሕክምና። ትኩስ ሻይ ጠጥተህ ቶሎ የማይለቅ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ጥዝጣዜ ካለህ የነርቭ ጉዳት ጠርጥር። አሁን በለስላሳ ቡርሽ፣ ቀስ ብለህ፣ ድዱ ሥር ድረስ። መፋቂያም ይሆናል፣ ጫፉን አኝከህ ካለሰለስከው። በሁለት ሳምንት መድማቱ ካልቆመ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደህ ታይና ጥርስህን አሳጥብ።