ቤተ መቅደሴ ለምን ቀለጠ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና ጓደኞቼ ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ወታደሮች የጥንት ግሪኮችን ጦርነት እንጫወታለን። ወታደሮቹ 28 ሚሊሜትር ናቸው። ከቴሌቪዥን ካርቶን በወጣ ፎም ፓርተኖንን፣ የአቴናን ትልቅ የጥንት ቤተ መቅደስ፣ መሥራት ጀመርኩ። ዓምዶቹ ላይ ነጭ ስፕሬይ ስነፋ እንደ ቅቤ ቀለጡብኝ። ምን ይሻለኛል?
የሂርማታው ልጅ፣ ከጅማ

መልስ፦ አይዞህ፣ የእኔም የመጀመሪያው ቀልጧል። ስፕሬዩ ውስጥ እንደ ቲነር ያለ ነገር አለ፤ ፎሙን የበላው እሱ ነው። መጀመሪያ ኮላ በውሃ አቅጥነህ ሁለት ጊዜ ቀባው። ከዚያ ስፕሬዩን ተወውና የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በብሩሽ ቀባ። ብቻ አትቸኩል። በጅማ ክረምት ማታ የተቀባ ኮላ ጠዋትም እጅ ላይ ይጣበቃል።

ፓርተኖንን ግን እርሳው። እውነተኛው 69 ሜትር ተኩል ይረዝማል። ለወታደሮችህ ልክ በ1 ለ56 ብታሳንሰው እንኳ 1 ሜትር ከ24 ሳንቲሜትር ነው። ታዲያ ወታደሮቹ የት ይዋጉ? አልጋ ላይ? ፓርተኖን ባለበት ኮረብታ፣ እዚያው አክሮፖሊስ ላይ፣ አቴና ኒኬ የምትባል የግሪኮች ሴት አምላክ ትንሽ ቤተ መቅደስ አለችልህ። በዚሁ ልክ 15 በ10 ሳንቲሜትር ገደማ ትሆናለች። ዓምዶቿም 8 ብቻ ናቸው፤ 4 ከፊት፣ 4 ከኋላ። ክብ እርሳስ በ7 ሳንቲሜትር ቁረጥና የብረት መጋዝ ምላጭ ከላይ ወደ ታች ጎትትበት፤ ዓምዶቹ ላይ የሚወርደው ቦይ ይወጣልሃል። የእሷ ዓምዶች አዮናዊ የሚባሉት ዓይነት ናቸው፤ የእውነተኛ አዮናዊ ዓምድ ቦይ 24 ነው። አንተ ግን አትቁጠር፣ ዓይንህ ይጠፋል።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ብዙ ሰው ሁሉንም ነጭ ለቅልቆ ይገላገላል፤ እኔ አልወደውም። የአቴናውያን እብነ በረድ የፔንቴሊ ተራራ ነው። ብረት ስላለበት ሲያረጅ የማር መልክ ያወጣል። ይህቺ ቤተ መቅደስ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ420ዎቹ ስትሠራ አዲስ ነበረች። ግሪኮች ደግሞ ከዓምዱ በላይ ያለውን ጌጥ ሰማያዊና ቀይ ይቀቡ ነበር። ስለዚህ ጦርነትህ በዚያ ዘመን ከሆነ ደፍረህ ቀለም አግባበት።

የማሩን መልክ ከፈለግክ ቡናማ ፕላስቲክ ቀለም በውሃ በጣም አቅጥነህ ቀባና በጨርቅ ጥረገው። የቡና አተላ እንዳትሞክር! እኔ የጅማ ሰው ነኝ ብዬ ቀባሁበት። መልኩስ አማረ። ነሐሴ ላይ ሻገተ። ባለቤቴ ከነጠረጴዛው በረንዳ አወጣችው።

ዙሪያዋን ቤቶች ሥራ። የተራው ግሪክ ቤት እንደ እኛው ጭቃ ነበር፤ ከታች የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ የጭቃ ጡብ፣ ጣሪያው የሸክላ ክዳን። ካርቶን ላይ ሰጋቱራ በኮላ ለውሰህ ለጥፍ። በርጩማ የሚሠሩትን ጠይቃቸው፣ ሰጋቱራ አይነፍጉህም።

የቀለጡትን ዓምዶች ደግሞ እንዳትጥል። አጋድማቸውና ከሥራቸው ትንሽ ደረቅ ሣር ለጥፍ። ፍርስራሽ ሆነው ቀስተኞችህ ይደበቁባቸዋል።