ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ሲጠፋ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጥያቄ ላከልኝ። ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሆኖ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ለጭቃ ውድድር እያዘጋጀ ነው። ስለ ጎማ፣ ስለ ባልስትራ፣ ስለ ካምቢዮ ብዙ ከጠየቀ በኋላ መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ ሞተሩ ውኃው መካከል ድንገት ቢጠፋብኝ ወዲያው ላስነሣው ወይስ ልጠብቅ?»

ለሌሎቹ ጥያቄዎች በዚያው ምሽት መለስኩ። ለዚህኛው ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መልሱ አንዲት ቃል ናት፦ አታስነሣው። የከበደኝ ይህን መልስ በወጣትነቴም አውቀው ስለነበር ነው። እያወቅኩት፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ተቃራኒውን አዝዣለሁ።

ያኔ 31 ዓመቴ ነበር፤ መካኒክ ነበርኩ። ጓደኛዬ በፒክአፑ ዕቃ እያመላለሰ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሲሚንቶና ጣውላ የምትሸከመው መኪና እሑድ ጭቃ ውስጥ ትገባለች። ለውድድር ብቻ የተሠራ መኪና ያለው ሰው በመካከላችን አልነበረም። የጭቃው ጉድጓድ 60 ሜትር ያህል ይረዝማል። ተሻግሮ የወጣ በሰዓት ይመዘናል፤ መካከል ላይ የቀረ ደግሞ የደረሰበት ርቀት ይለካለታል። እኔ ራሴ ውድድሩን የጀመርኩት የመለኪያውን ሜትር ጫፍ ይዤ፣ እስከ ጭኔ ጭቃ ውስጥ በመቆም ነው። ጭቃ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የተማርኩት በእግሬ ነው። ሸክላው ጫማ ይነጥቃል፤ አሸዋ የተቀላቀለበት ቶሎ ይለቃል። ዛሬም ጉድጓድ ፊት ስቆም መጀመሪያ የምፈልገው የምወጋበት ረጅም እንጨት ነው። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

በዋዜማው ሌሊት የሞተሩን የአየር መሳቢያ በቱቦ አራዝሜ እስከ ጣሪያው አወጣሁለት። ቱቦው የአየር ፊልትሮው ጋር ለመድረስ ሁለት መገጣጠሚያ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ሁለቱም በብረት ቀለበት መታሰር አለባቸው። አንዱን አጠበቅኩ። የሌላው ቀለበት ጥርሱ ተበልቶ አልይዝ አለኝ። መሽቶ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። በፕላስተር ጠቀለልኩትና በላዩ ሽቦ አሰርኩበት። ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። ብነግረው መኪናውን አያስገባትም ነበር፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ሲያሸንፍ ለማየት ቸኩያለሁ።

ተራው ሲደርስ ጥሩ ነዳ። ነዳጁን ሳይቆራርጥ፣ ጎማው መንሸራተት ሲጀምር መሪውን ግራና ቀኝ በጥቂቱ እያወዛወዘ፣ የጎማው ጠርዝ ጠንካራ አፈር እንዲነክስ ያደርግ ነበር። 40 ሜትሩን እንዳለፈ አፍንጫዋ ወደ ጥልቁ ወረደ፤ ውኃው በኮፈኑ ላይ ተነሣ። ሞተሩ ጠፋ። አጠፋፉን ልብ በሉልኝ። ነዳጅ ያጠረው ሞተር እየተንገዳገደ ይጠፋል፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ የረጠበበት እየተርገበገበ ይጠፋል፤ ውኃ የዋጠ ግን በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። የእሱ ቀጥ አለ።

ጆሮዬ ምን እንደሆነ ነግሮኛል። ጓደኛዬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። ዙሪያውን የቆመው ሰው «አስነሣው! አስነሣው!» ይላል። የቀረው 20 ሜትር ነው፤ ከእሱ በፊት ከገቡት አንዳቸውም አልተሻገሩም። እጄን ከፍ አደረግኩና ጣቶቼን ቁልፍ እንደያዘ ሰው አዞርኳቸው።

አንድ ደረቅ የብረት ድምፅ ተሰማ፤ ሌላ ምንም አልተሰማም።

ሲሊንደር በሚባለው የሞተሩ ክፍል ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ፒስተን አየርን ይጨምቃል፤ ውኃን መጭመቅ አይችልም። ሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ ካለ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ፒስተን ግድግዳ ይገጥመዋል፤ ከሥር የሚገፋው ቢዬላ ይጣመማል ወይም ይሰበራል። በናፍጣ ሞተር ይብሳል፤ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ ከቤንዚን ሞተር ይልቅ በጣም ጠባብ ነውና። አንዳንድ ጊዜ ማስነሻው አቅም ያጥረውና ጉዳት ሳይደርስ ይቆማል። እኛ ዘንድ ቢዬላው ተጣሞ ተገኘ። የተጣመመው ሞተሩ ሲጠፋ ይሁን ወይስ እኔ አዙር ስላልኩት፣ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ለብዙ ዓመታት በዚህ ጥርጣሬ ተጠልዬ ኖሬያለሁ።

መኪናዋ በትራክተር ተጎትታ ስትወጣ ኮፈኑን ቀድሜ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የላላውን ፕላስተር ላጥኩና ኪሴ ከተትኩት። ጓደኛዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ አጠገቤ ቆሞ «በፍጥነት ገባሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። ዝም አልኩ። አራት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ። ሞተሩን ያለ ክፍያ ሠራሁለት፤ ሰውም ስለ ደግነቴ አመሰገነኝ። ባለቤቱም አመሰገነችኝ። ከሁሉም የከፋብኝ ምስጋናዋ ነው።

እናንተ ወጣቶች በዚህ ትበልጡናላችሁ፤ ትጠይቃላችሁ። እኛ መጠየቅን እንደ ድክመት እናየው ነበር። የማልወድላችሁ ግን ሁሉን ነገር ከጎማ መጀመራችሁን ነው። ቪዲዮ አይታችሁ ከሰው ቁመት የሚስተካከል ጎማ ትገጥማላችሁ፤ ከዚያ ጎማውን የሚሸከመው ዘንግ፣ አክሱ፣ ሲሰበር የመኪናውን ስም ታጠፋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 መኪና ላይ ወጥቶ በመጨፍለቅ ስሙ የገነነው የአሜሪካዊው የቦብ ቻንድለር ፒክአፕ፣ ቢግፉት፣ እንኳ ያን ግዙፍ ጎማ የተሸከመው በከባድ መኪና አክስ ነው። ከሥር የሚሸከመው ሳይጠነክር ጎማ ማሳደግ ጉዳት መግዛት ነው።

መተዳደሪያችሁን ወደ ጭቃ አታስገቡ። ይህን አጥብቄ እላለሁ። ሆኖም ይህ ስፖርት ከሥራ መኪና የተወለደ መሆኑን አልክድም። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ፣ በኔፕልስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1949 የተጀመረው የረግረግ ውድድር የተነሣው አዳኞች ረግረጉን ለመሻገር በየጓሯቸው ከሠሯቸው ማሽኖች ነው። እኔም መካኒክነትን በደንብ የተማርኩት ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ መመለስ የነበረበትን መኪና እሑድ ማታ ሳጥብ ነው፤ ጭቃ የገባበትን ኩሽኔታ ስፈታ፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት እንደ ወተት ሲነጣ ሳይ፣ ራዲያተሩን ከውስጥ ወደ ውጭ በውኃ ስገፋ። ስለዚህ አታስገቡ እላለሁ፤ የሚያስገባውንም ግን እረዳዋለሁ።

ስለ ራስ ቁርና ስለ ቀበቶ አልጽፍም፤ ይህን ያላወቀ ቢቀር ይሻላል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በጭቃ የተያዘ መኪና ስታወጡ ገመዱን ተሳቢ በሚያያዝበት የብረት ኳስ ላይ አታንጠልጥሉ። ኳሱ የተሠራው ተረጋግቶ ለመሳብ ነው። በሚለጠጥ ገመድ በድንገት ሲመነጨቅ ሊበጠስ ይችላል፤ ከተበጠሰም እንደ ጥይት ይሄዳል፤ ሰው ገድሏል። የመኪናው የብረት አጽም፣ ሻንሲው፣ ላይ በብሎን የታሰረ መጎተቻ ይኑራችሁ። ገመዱ ሲወጠርም ተመልካቹ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ።

አሁን ለጥያቄህ፣ ልጄ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ከጠፋ ቁልፉን ዝጋና እጅህን አንሣ። ርቀትህ ይለካልሃል፤ ያ ይበቃሃል። ከወጣህ በኋላ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ እይ። ከረጠበ ካንዴላዎቹን ሁሉ ፍታ፤ ናፍጣ ከሆነ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች። ነዳጁንና የካንዴላውን ኤሌክትሪክ አቋርጥ፤ ፊትህን ከቀዳዳዎቹ አርቀህ ሞተሩን በእጅ አዙረው። በነፃነት ከዞረ በማስነሻው አዙርና ውኃውን አስተፋው። ካልዞረ በቃ፣ አትታገለው። የሞተሩ ዘይት ውኃ ገብቶበት ከነጣ ሳትቀይር አታስነሣ።

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ደወልኩለት፤ ለጓደኛዬ። ዛሬም ያቺን እሑድ ሲያነሣ «በፍጥነት ገብቼ» እያለ ነው የሚያወራው፤ እኔም ሁልጊዜ ሰበብ ፈልጌ እነሣለሁ። አሁን ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ፕላስተሩ፣ ስለ ኪሴ ሁሉንም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «የትኛው ቀለበት ነበር? የላይኛው ወይስ የታችኛው?» አለኝ።

«የታችኛው» አልኩት።