መብረቅ ኢንቨርተሬን አቃጠለው፤ ሻጩ «ከአቅም በላይ ነው» ይለኛል

ጥያቄ፦ ጅማ ከተማ መድኃኒት ቤት አለኝ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ እንዳይቆም ብዬ ሶላር፣ ኢንቨርተርና ሊቲየም ባትሪ ከነገጠማው ገዛሁ። ግንቦት ላይ ማታ መብረቅ አጥር ጥግ ያለውን ዛፍ መታው። ኢንቨርተሩ ተቃጠለ፣ ባትሪውም አልነሳ አለ። ሻጩ «መብረቅ ከአቅም በላይ ነው፣ ዋስትናውም አይሸፍነውም» ብሎ መለሰኝ። መብት የለኝም ማለት ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። መብት ሊኖርዎት ይችላል። ተስፋ አይቁረጡ።

ሻጩ የያዘው ነገር አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1793 ከአቅም በላይ ሊባሉ ከሚችሉ ነገሮች መካከል ከመሬት መንቀጥቀጥና ከጎርፍ ጋር መብረቅንም በስም ይጠራል። ግን አንቀጹ «እንደ ነገሩ ሁኔታ» ነው የሚለው። ከሱ በፊት ያለው 1792 ደግሞ መለኪያውን ያስቀምጣል፤ ነገሩ በተለመደው ሁኔታ ሊታሰብ የማይችል፣ ግዴታን ከመፈጸምም ፈጽሞ የሚያግድ መሆን አለበት። ጅማ ላይ በዝናብ ወራት መብረቅ ይመጣል ብሎ ያላሰበ የሶላር ነጋዴ አለ? እኔ ይህን ክርክር ዳኛ ፊት በደስታ አቀርበዋለሁ።

በሌላ በኩል እውነቱን ልንገርዎ። ዕቃውን ከተረከቡ በኋላ የሚደርስ አደጋ በመርህ ደረጃ የገዢው ነው። ሻጩ ማድረግ ያለበትን ሁሉ አድርጎ ከሆነ ኪሳራው የእርስዎ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሚወሰነው በመብረቁ ሳይሆን በገጠማው ነው።

መብረቅ ባትሪውን በቀጥታ መምታት አያስፈልገውም። አጠገብ ሲወድቅ በፓኔሉ ሽቦ፣ በመብራት መስመርና በመረጃ ኬብል በኩል ከፍተኛ ቮልቴጅ ይገባል። ጣሪያ ላይ የቆመ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ቤቱን ይጠብቃል እንጂ ብቻውን ይህን አያስቆምም። ለዚህ ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገት የገባውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ መሬት የሚያወርድ መከላከያ) በፓኔሉም በመብራቱም በኩል ይገጠማል፤ የሁሉም ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ አንድ ላይ ይታሰራል።

ገለልተኛ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩና የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ያስከፍቱ። ሰርጅ ፕሮቴክተር አለ? ብዙዎቹ ትንሽ መስኮት አላቸው፤ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲሞት ቀይ ያሳያል። የሚያገናኘው ሽቦ ተጠምዝዞ የረዘመ ከሆነም ፎቶ ያንሱት። ድምር ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመከራል፤ ሲረዝም መከላከሉ ይደክማል። የኧርዙ ሽቦ የትም ሳይደርስ ተቆርጦ ከተገኘ ደግሞ ትልቅ ማስረጃ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ያየውን በጽሑፍ ይስጥዎ።

ባትሪውን እባክዎ እንደገና ለማስነሳት አይሞክሩ። የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ ቆይቶ ሊቀጣጠል ይችላል። የተቃጠለውን ኢንቨርተርም አይጣሉ። ሻጩ «ወስጄ ልየው» ካለ ሴሪያል ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይስጡት።

ዋስትናውን በተመለከተ፣ ወረቀቱን ያንብቡ። መብረቅን የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ዋስትና ነው። ገጣሚው ሥራውን በአግባቡ ለመሥራት የገባው ግዴታ ሌላ ነው። ፕሮፎርማው ላይ «ከነመከላከያው» ወይም «ከነኧርዙ» የሚል ካለና ካልተገጠመ፣ ውሉን አልፈጸመም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከሌለ ክርክሩ ይከብዳል፤ ያኔ የምንለው ዕቃው ለተገዛበት ዓላማ አይበቃም ነው።

አሁን ጊዜ አያጥፉ። ጉድለት እንዳወቁ ወዲያው ለሻጩ ማሳወቅ አለብዎት። በስልክ የነገሩትን በኋላ ማስረዳት ይከብዳል፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡና ቅጂው ላይ ያስፈርሙ። ከዚያ ፍርድ ቤት ለመክሰስ ሕጉ በአንቀጽ 2298 የሚሰጥዎ አንድ ዓመት ነው። በሽምግልና ተስፋ ጊዜው አልፎባቸው መብታቸው የቀረ ሰዎች አሉ። ሽምግልናው ጥሩ ነው፣ ግን ቀኑን እየቆጠሩ ይሁን።

የተበላሸ መድኃኒት ካለ በዝርዝርና በግዢ ደረሰኝ ይያዙት፤ ከካሳው ጋር ይጠየቃል። ጅማ ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የአማርኛ ውልና ሰነድዎን ከአሁኑ ያስተርጉሙ።