ጥያቄና መልስ፦ ለ17 ሳጥን 17 ጊዜ «ኢፍ» የጻፋችሁ፣ ዛሬ ማታ ኑ

ጋሽ ደንቡ፦ እንደተባባልነው ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት እዚሁ ነኝ። ርዕሳችን በጃቫስክሪፕት የፎርም ሳጥን ስንፈትሽ የሚደጋገመውን ኮድ መቀነስ ነው። ስልክ ላይ ስለሆንኩ ኮድ አልጽፍም፣ በቃል ነው የምነግራችሁ። አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። ብራውዘር ላይ የምትፈትሹት ለተጠቃሚው ምቾት ነው። ጥበቃ አይደለም። ሰርቨር ላይ ደግማችሁ ፈትሹ። ዛሬ ይህን ስደጋግም ቻሉኝ።

ባለ 17፦ ጋሼ፣ የምዝገባ ፎርም እየሠራሁ ነው። 17 ሳጥን አለው። ለእያንዳንዱ «ዋጋውን (የተሞላበትን) አንብብ፣ ባዶ ከሆነ ቀይ አድርገው፣ ከሥሩ መልእክት ጻፍ፣ ካልሆነ ቀዩን አጥፋ» እያልኩ 400 መስመር አለፍኩ። የሚለያየው የሳጥኑ ስም ብቻ ነው። እንዴት ላሳጥረው?

ጋሽ ደንቡ፦ መልሱ ረጅም ነው፣ ቡናህን ያዝ።

የጻፍከው ኮድ ሦስት ሥራ አንድ ላይ እየሠራ ነው። ደንቡ አለ፦ ስም ባዶ መሆን የለበትም። ፍተሻው አለ፦ ዋጋውን ወስዶ ከደንቡ ጋር ማስተያየት። ማሳየቱ አለ፦ ቀይ ማድረግና መልእክት መጻፍ። ከሦስቱ ከሳጥን ሳጥን የሚለያየው ደንቡ ብቻ ነው። ሌሎቹን 17 ጊዜ የገለበጥከው በከንቱ ነው። ስለዚህ ደንቡን ለይተህ አውጣ።

መጀመሪያ ኤችቲኤምኤሉ (ገጹ የተጻፈበት ቋንቋ) የሚችለውን ለእሱ ተውለት። ሪኳየርድ (ባዶ አይሁን)፣ ሚንሌንግዝ (ከዚህ አይጠር)፣ ፓተርን (ይህን መልክ ይከተል)፣ ታይፕ ኢሜይል (ኢሜይል ይሁን)። እነዚህን ሳጥኑ ላይ ከጻፍክ ብራውዘሩ ራሱ ይፈትሽልሃል። በራሱ ቋንቋ ብቅ የሚያደርገው መልእክት ካስጠላህ ፎርሙ ላይ ኖቫሊዴት ጨምር። መልእክቱ ይጠፋል፣ ቼክቫሊዲቲን («ሳጥኖቹን ፈትሽ» የሚለውን ትእዛዝ) ስትጠራው ግን ፍተሻው እንዳለ ነው። ብዙ ሰው ኖቫሊዴት ሁሉንም ነገር የሚያጠፋ ይመስለዋል።

ለቀረው አንድ ኦብጀክት፣ ማለትም የደንብ ሠንጠረዥ፣ ሥራ። ቁልፉ የሳጥኑ ኔም ይሁን፣ ከቁልፉ ጎን የሚቀመጠው ደግሞ የትንንሽ ፋንክሽኖች (የትእዛዝ ጥቅሎች) አሬይ (ዝርዝር)። እያንዳንዷ ፋንክሽን ዋጋ ትቀበላለች፤ ስህተት ካለ መልእክቱን፣ ከሌለ ባዶ ጽሑፍ ትመልሳለች። «ቢያንስ» የምትል ፋንክሽን ብትጽፍና 8 ብትሰጣት፣ 8ን የምታስታውስ ሌላ ፋንክሽን ትመልስልሃለች። 3 ብትሰጣት 3ን የምታስታውስ። ክሎዠር እያላችሁ ለኢንተርቪው የምታጠኑት ጉድ ይኸው ነው፤ እዚህ እንጀራ ይሆናል።

ከዚያ አንድ ሉፕ ኦብጀክቱን ይዞራል። ለእያንዳንዱ ሳጥን የመጀመሪያውን ባዶ ያልሆነ መልእክት ይይዝና ለሴትከስተምቫሊዲቲ («ይህ ሳጥን ስህተት አለበት» ብሎ ለብራውዘሩ ለሚናገረው ትእዛዝ) ይሰጣል፣ ከሳጥኑ ሥርም ይጽፋል። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ሳጥኑ ሲስተካከል ሴትከስተምቫሊዲቲን ባዶ ጽሑፍ መልሰህ ስጠው። ካልሰጠኸው ሳጥኑ እንደተበላሸ ይቆጠራል።

ሊስነርም (ሳጥኑ ላይ የሚሆነውን የሚጠብቅ ኮድ) 17 አትስቀል። ፎርሙ ላይ አንድ ይበቃል። ብለር (ሰው ሳጥኑን ለቆ ሲወጣ የሚሰማው ጥሪ) ግን ከሳጥኑ ወደ ፎርሙ አይወጣም፣ እዚያው ሞቶ ይቀራል። በእሱ ፈንታ ፎከስአውትን ተጠቀም።

18ኛ ሳጥን ሲመጣ የምትጨምረው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል።

ካፌ ኮደር፦ ሪኳየርድ አድርጌ ሰው ስፔስ ብቻ መትቶ አለፈ። ባግ ነው?

ጋሽ ደንቡ፦ ባግ አይደለም። ለሪኳየርድ ስፔስም ጽሑፍ ነው። ዋጋውን ትሪም አድርገህ (ከዳርና ዳሩ ስፔሱን ቆርጠህ) ራስህ ፈትሽ። ሚንሌንግዝም ጣጣ አለው፤ የሚሠራው ተጠቃሚው ራሱ የነካውን ዋጋ ላይ ነው። በኮድ የሞላኸውን አያይልህም።

ሰላም ነው፦ ቫሊዴሽን አልሠራ አለኝ። እርዱኝ።

ጋሽ ደንቡ፦ የቱ ሳጥን? ምን ጻፍክበት? ምን ጠበቅህ? ምን ሆነ?

የባሕር ዳሯ፦ ሬጌክሶቼን (የጽሑፍ መልክ መፈተሻዎቼን) አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቤ ሁሉም ፎርም ከዚያ እንዲወስድ አደረግሁ። አሁን ያው ስልክ ቁጥር አንዴ ትክክል፣ አንዴ ስህተት ይለኛል። ላብድ ነው።

ጋሽ ደንቡ፦ አታብጂ፣ እህቴ። መጨረሻው ላይ ጂ ፍላግ («ሁሉንም ፈልግ» የሚል ምልክት) አለ፣ አይደል? ጂ ያለበት ሬጌክስ በቴስት ሲጠራ የት እንደደረሰ ላስትኢንዴክስ ላይ ይይዛል። ቀጣዩ ጥሪ ከዚያ ይጀምርና «የለም» ይላል። ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በየቦታው አዲስ ሬጌክስ ስትጽፊ አይታይም ነበር፤ የጋራ ስታደርጊው ብቅ አለ። ጂውን አውጪው።

ስልክ ካነሳሽ አይቀር አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ለአንድ ደንበኛ የሠራነው ሲስተም ውስጥ «በ09 ይጀምር» የሚለውን ደንብ ስድስት ቦታ ገልብጠን ነበር። በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም በ07 ሲመጣ አምስቱን አስተካከልን። ስድስተኛውን ያገኘነው አንዲት ደንበኛ ደውላ ስትቆጣን ነው። ሒሳብ መክፈያው ገጽ ላይ ነበር፣ እንዳይደርስ የለም። መደጋገምን የምጠላው መስመር ስለሚያበዛ አይደለም፣ ለዚህ ነው።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ከመፈተሼ በፊት ቁጥሩን አጠራዋለሁ። ስፔስና ሰረዝ ይወጣል። ፊቱ ላይ +251 ወይም 251 ወይም 0 ካለ ይቆረጣል። የቀረው 9 አሃዝ ሆኖ በ9 ወይም በ7 መጀመር አለበት። በቃ። ሰው 0911 ብሎ ስፔስ ቢመታ ጥፋቱ ምንድነው? የሚቀመጠውም በአንድ መልክ ይሁን። ደግሞ ስልክን ታይፕ ነምበር አታድርጉት። ወደ ቁጥር ሲቀየር ዜሮው ይበላል። ታይፕ ቴል አለ።

ሌሊት ወፍ፦ ለስም የሚሆን አሪፍ ሬጌክስ ካለህ ላክልን። እኔ ያለኝ ከኤ እስከ ዜድ ብቻ ነው የሚቀበለው።

ጋሽ ደንቡ፦ እንኳን ጠየቅህ። ይህቺ ሬጌክስ ከሆነ ቦታ ተገልብጣ ስንቱ ፎርማችን ላይ ተለጥፋለች። አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቶ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚሞላው ፎርም «አበበ» ሲባል «ትክክለኛ ስም ያስገቡ» ይላል! ከዚህ የበለጠ ምን ትክክል አለ?

ፊደል መፈተሽ የግድ ካስፈለገህ ሬጌክሱ ላይ ዩ ፍላግ ጨምረህ የዩኒኮዱን «ማንኛውም ፊደል» ተጠቀም፤ የኋላ ስላሽ (\)፣ ፒ፣ ከዚያ በጥምዝ ቅንፍ ኤል። ከ2018 ጀምሮ ጃቫስክሪፕት ውስጥ አለ። ግን ገና አልጨረስክም። «ገ/ማርያም» እና «ወ/ሚካኤል» አሉ። ሕዝባሩን የማይቀበል ፎርም ግማሹን አገር ይመልሳል። ሕዝባሩን ስትጨምር ደግሞ ሌላ ጉድጓድ አለ። አዳዲሶቹ ብራውዘሮች የፓተርንን ጽሑፍ የሚያነቡት በቪ ፍላግ ነው። በቪ ደንብ ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለ ሕዝባር ከፊቱ የኋላ ስላሽ ይፈልጋል። ካላደረግህ ሬጌክሱ ልክ አይደለም ተብሎ ይተዋል። ኮንሶል ላይ አንዲት መስመር ይጽፋል፣ ፎርሙ ግን ያገኘውን ሁሉ ያሳልፋል።

ርዝመትም አለ። «ስም ቢያንስ 3 ፊደል» የሚለው ደንብ ለላቲን የታሰበ ነው። ሊያ ስሟ በላቲን አራት ፊደል ነው፣ በእኛ ሁለት። ሣራም ሁለት። «ስምሽ አጭር ነው» ትላታለህ? እናቷ ያወጣችላትን?

እኔን ብትሰማኝ ለስም ትሪም አድርገህ ባዶ አለመሆኑን ብቻ ፈትሽ። ሌላውን ተወው። ሳጥኖቹም ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይባሉ። «የቤተሰብ ስም» ብለህ ብትጠይቅ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላልሃል።

ጥላሁን ነኝ፦ ቆይ ጋሼ፣ ዝም ብሎ ሁሉን መቀበል ስክሪፕት ለሚያስገባ ሰው በር መክፈት አይሆንም?

ጋሽ ደንቡ፦ እሱ ጽሑፉን ገጹ ላይ ስታወጣ በቴክስትኮንቴንት (ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ብቻ በሚያሳየው) በማውጣት የሚዘጋ በር ነው፣ የሰው ስም በመከልከል አይደለም። ሰርቨር ላይ ደግሞ ፈትሹ ብያለሁ።

ባለ 17፦ መልእክቶቹንስ? «እባክዎ» ከዚያ የሳጥኑ ስም ከዚያ «ዎን ያስገቡ» ብዬ በአንድ አብነት አደረግኋቸው። «ስምዎን ያስገቡ»፣ «አድራሻዎን ያስገቡ» ጥሩ መጣ። «የአባት ስምዎን ያስገቡ» ሲል ግን ጓደኞቼ ሳቁብኝ።

የባሕር ዳሯ፦ «የአባትዎን ስም» ነዋ!

ካፌ ኮደር፦ እኔ «አስገባ» ነው የምለው። እርስዎ ምናምን ፎርም አይደለም፣ ፍርድ ቤት ነው የሚመስለው።

የባሕር ዳሯ፦ ለእኔ «አስገባ»? ወንድ ነኝ እንዴ?

ካፌ ኮደር፦ «አስገባ/ቢ» አድርጊዋ።

የባሕር ዳሯ፦ እሱ ደግሞ የትምህርት ቤት ፈተና ይመስላል።

ሌሊት ወፍ፦ «ፓስወርድ» ነው የምትሉት ወይስ «የይለፍ ቃል»? እናቴ የይለፍ ቃል ሲላት የይለፍ ወረቀት መስሏት ደወለችልኝ።

ጥላሁን ነኝ፦ የይለፍ ቃል ነው። በቋንቋችን እንኩራ።

ሌሊት ወፍ፦ በኩራት ሎግኢን አይደረግም።

ጋሽ ደንቡ፦ ተረጋጉ። እንግሊዝኛ ላይ የሳጥኑን ስም መሐል ብትሰካ ያልፋል። አማርኛ ግን ቃሉን ራሱን ይነካዋል። «አድራሻው አጭር ነው» ይሆናል፣ «ስምው አጭር ነው» አይሆንም። ስለዚህ ቃሉን ሳትነኩ ሁለት ነጥብ አድርጉ። «የአባት ስም፦ አልተሞላም»። «የይለፍ ቃል፦ ቢያንስ 8 ምልክት ያስፈልጋል»። አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም የለበትም። ጠቡም አለቀ፣ አብነቱም ሠራ። ለሳጥኑ ስም የትኛውን ቃል እንደምትመርጡ ግን አልገባበትም።

ሪአክት በፍቅር፦ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ዞድ አለ፣ ሪአክት ሁክ ፎርም አለ፣ ዝግጁ ላይብረሪዎች። በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

ሌሊት ወፍ፦ ለሦስት ሳጥን ላይብረሪ ልታወርድ? ኔቱን አታየውም እንዴ?

ሪአክት በፍቅር፦ አንተ ገና የድሮው ላይብረሪ ጄኩዌሪ ላይ ነህ መሰለኝ።

ሌሊት ወፍ፦ ይሠራል አይደል?

ጋሽ ደንቡ፦ ዞድ ጥሩ ነው። ያው የደንብ ሠንጠረዥ ነው፣ ሌላ ሰው የጻፈው። ሰርቨራችሁ ኖድ (በጃቫስክሪፕት የሚሠራ) ከሆነ ያንኑ ደንብ ሁለቱም ጋ መጠቀም ትችላላችሁ፣ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። የተቀረውን ጭቅጭቅ ውጭ ጨርሱት።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ብዙ ሳጥን አለኝ፣ ኮዱ ተደጋገመብኝ። እንዴት ላሳጥር?

ጋሽ ደንቡ፦ ወደ ላይ። የመጀመሪያው ጥያቄ።

የባሕር ዳሯ፦ የይለፍ ቃልና ድጋሚ የይለፍ ቃል በሠንጠረዡ እንዴት ይገባሉ? አንዱ ሌላውን ማየት አለበት።

ጋሽ ደንቡ፦ የደንብ ፋንክሽኖቹ ሁለተኛ ነገር እንዲቀበሉ አድርጊ፤ የፎርሙን ዋጋዎች በሙሉ። ፎርምዳታ በአንድ ጊዜ ይሰበስብልሻል። አብዛኞቹ አያዩትም፣ የሚያስፈልገው ያየዋል። «ያገባ» ሲመረጥ ብቻ የባለቤት ስም የሚጠየቅበትም በዚሁ ይሠራል። የሚረሳው ይህ ነው፦ ሰውየው ተመልሶ የመጀመሪያውን ቢቀይር፣ ድጋሚውም እንደገና መፈተሽ አለበት። ባዶ ጽሑፉንም አትርሺ፣ ሲስተካከል።

ካፌ ኮደር፦ ፎርም ዶት ሰብሚት ብዬ ስጠራ ግን ፍተሻውን ዘሎ ይልከዋል።

ጋሽ ደንቡ፦ ሪክዌስትሰብሚት በለው። ሰብሚት ሳይፈትሽ ነው የሚልከው። ኖቫሊዴት ካለብህ ደግሞ ሰብሚት ኢቨንቱ ላይ ቼክቫሊዲቲን ራስህ ጥራ።

ሰላም ነው፦ አሁንም አልሠራም።

ጋሽ ደንቡ፦ አራት ጥያቄ ጠይቄሃለሁ።

ሌሊት ወፍ፦ ለኢሜይል ሬጌክስ?

ጋሽ ደንቡ፦ ታይፕ ኢሜይል። ከዚያ ማረጋገጫ ላክለት። ደርሶት ሊንኩን ከነካ ኢሜይል ነው።

ጥላሁን ነኝ፦ ጁኒየር ደመወዝ ስንት ነው አሁን?

ጋሽ ደንቡ፦ ፎርም ላይ ነን።

ጥላሁን ነኝ፦ እሺ፣ ፎርም። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምቀበለው። ወር ከ1 እስከ 12፣ ቀን ከ1 እስከ 30።

ጋሽ ደንቡ፦ ጳጉሜን የተወለደ የለም በለኝ! ወሩ እስከ 13 ነው። 13 ከሆነ ቀኑ እስከ 5፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ እስከ 6፣ እንደ 2011 እና 2015። ይህም ወር፣ ቀንና ዓመት አብሮ የሚያይ ደንብ ነው፣ አሁን ለባሕር ዳሯ እንደመለስኩት። የብራውዘሩ ታይፕ ዴት የፈረንጁን ነው የሚያውቀው፣ እሱን ተውና ሦስት ሳጥን አድርግ።

ባለ 17፦ ጋሼ ተባረክ። 400ው መስመር 90 ሆነ። አንድ ነገር ብቻ፦ ድጋሚ የይለፍ ቃሉን አንዴ ከተሳሳትኩ በኋላ ባስተካክለውም ፎርሙ አይላክም። ቀዩ ጠፍቷል፣ መልእክቱም የለም፣ ግን ንክች የለም።

ጋሽ ደንቡ፦ ባዶ ጽሑፍ። ሦስተኛዬ ነው።

ባለ 17፦ ኦ! ሠራ።