ቤት ስገባ የሚጨልምብኝ ከሌንሱ ነው ከዓይኔ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንዴት ሰነበቱ፣ ዓምድዎን ሁሌ ነው የማነበው። ከሁለት ወር በፊት መነጽር ሰለቸኝና እነዛ ፀሐይ ላይ ጠቆር የሚሉ ቤት ሲገባ ደግሞ የሚነጡ ኮንታክት ሌንሶች ጀመርኩ። ውጪ ላይ በጣም ነው የወደድኳቸው፣ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ከፀሐይ ገብቼ ደረጃውን ስወጣ ምንም አይታየኝም በዳበሳ ነው የምሄደው፣ ከዛ ቀኑን ሙሉ ብርሃኑ የቀነሰ ይመስለኛል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ይደበዝዝብኛል። ወንበሬ መስኮት ጋ ስለሆነ እዛ ይጠቁር ይሆን እንዴ? አንዷ ጓደኛዬ ጭራሽ "ዓይንሽ ጨለማ ይለምድና በኋላ ያለሱ ማየት አትችይም" ብላ አስፈራራችኝ። ቤት ስገባ ላውልቃቸው ወይስ ምን ይሻለኛል?
— በዳበሳ የምትሄደው

መልስ፦ ፊርማሽ አስቆኛል እህቴ። ግን ደብዳቤሽን ስታነቢው ሁለት የተለያየ ነገር አንድ ላይ አስረሽ ነው የላክሽው፣ አንዱ መጨለም ነው ሌላው መደብዘዝ። ሌንሱ ውስጥ ያለው ቀለም ሊያጨልም ይችላል፣ ፊደል ግን አያደበዝዝም። ይሄን ከያዝሽ ግማሹ መንገድ አለቀ።

ከደረጃው ልጀምር። የምርቱን ስም አልጻፍሽልኝም፣ የዚህ ዓይነት ሌንስ ሲባል የሚታወቀው አኩቪዩ ኦአሲስ ዊዝ ትራንዚሽንስ ነው፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የፈቀደው። አምራቹ በሚሰጠው ቁጥር ፀሐይ ላይ በ45 ሰከንድ ገደማ ይጠቁራል ከሚታየው ብርሃን እስከ 70 በመቶ ያስቀራል፣ ቤት ሲገባ ደግሞ በ90 ሰከንድ ውስጥ ይነጣል። የሚጠቁር መነጽር ለመንጣት ብዙ ደቂቃ ነው የሚፈጅበት፣ እዚህ ግን ሌንሱ ዓይን ላይ ተለጥፎ 34 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ላይ ነው ያለው፣ ይሄ ቀለም ደግሞ ሙቀት ላይ ቶሎ ይነጣል ብርድ ላይ ነው የሚዘገየው። ስለዚህ ሌንሱን ልትወቅሺው የምትችይው ለመጀመሪያዋ ደቂቃ ተኩል ነው፣ እሱንም ቢሆን እኩል ተካፍላችሁ።

ምክንያቱም ዓይንሽ ራሱ ከዛ በላይ ቀርፋፋ ነው። ሉክስ በሚባለው የብርሃን መለኪያ ጠራራ ፀሐይ 100,000 አካባቢ ነው፣ ደረጃ ላይ ያለው መብራት 100 ቢሆን ነው፣ በአንድ እርምጃ ብርሃኑ ሺህ ጊዜ ይቀንሳል ማለት ነው። ብሌንሽ ቢበዛ ከ2 ሚሊሜትር ወደ 8 ብትሰፋ የምታስገባው ብርሃን 16 እጥፍ ነው የሚጨምረው፣ የቀረውን ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲና፣ ነው የሚሸከመው፣ እሱ ደግሞ ፀሐይ የበላበትን ኬሚካል መልሶ ለመተካት ደቂቃዎች ይፈልጋል፣ ድቅድቅ ጨለማ ከሆነማ እስከ ግማሽ ሰዓት። ካላመንሽኝ አንድ ቀን ሌንሱን ተይውና የድሮውን ተራ መነጽርሽን አድርገሽ በዛው ሰዓት በዛው ደረጃ ውጪ፣ የመጀመሪያው የእጅ መደገፊያ በደንብ እስኪታይሽ ድረስ ቁጠሪ። በማግስቱ በሌንሱ ቁጠሪ። ልዩነቱ እንደጠበቅሽው ላይሆን ይችላል፣ ውጪ ላይ የጠቆረ ሌንስ ሬቲናን ከፀሐይ ስለሚያሳርፈው።

"ቀኑን ሙሉ ብርሃኑ የቀነሰ ይመስለኛል" ላልሽው ግን እውነት አለሽ፣ እሱ ሌንሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ውሃ አይሆንም፣ ነጥቶም ከብርሃኑ 15 በመቶ ገደማ ያስቀራል። ትልቅ ይመስላል አይደል? ግን 500 ሉክስ ያለው ክፍል 425 ሆነ ማለት ነው፣ ወንበርሽን ከመስኮቱ ትንሽ ብትስቢው ከዚህ በላይ ትከስሪያለሽ። ዓይን ደግሞ ብርሃንን በልኬት ሳይሆን በእጥፍ ነው የሚያየው፣ እንዲህ ያለውን ሳይቆጥር ያልፈዋል። የሚታወቅሽ መብራቱ መጀመሪያውኑ ደካማ ሲሆን ነው፣ ማታ በአንዲት የራስጌ መብራት ደቃቃ ጽሑፍ ስታነቢ ምናምን። እዛ ላይ መድኃኒቱ ሌላ ሌንስ ሳይሆን ሌላ አምፖል ነው።

መስኮቱ ጋ? አዎ ትንሽ ይጠቁራል፣ በተለይ ፀሐዩ ቀጥታ ፊትሽ ላይ ካረፈ። ፀሐይ ዩቪ የሚባል በዓይን የማይታይ ጨረር አላት፣ የመስኮት መስታወት ዩቪ-ቢ የሚባለውን ዓይነት ያስቀራል እንጂ ከዩቪ-ኤ ብዙውን ያሳልፋል፣ ሌንሱ ደግሞ ከዩቪ በተጨማሪ ለሚታየው ሰማያዊ-ወይንጠጅ ብርሃንም ይነቃል። ወደ ክፍሉ ውስጥ ገባ ብለሽ ስትቀመጪ ግን ይነጣል፣ የጣሪያው ኤልኢዲ ዩቪ የለውም ማለት ይቻላል እና እሱን አትፍሪው። በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ አንዱን ሌንስ አዲስ ሶሉሽን (የሌንስ ፈሳሽ) ባለው ማስቀመጫ መስኮቱ ላይ ሁለት ደቂቃ አድርጊው፣ ሌላውን ጥላ ውስጥ፣ አንዱ ቀስ እያለ ግራጫ ሲሆን ታያለሽ። እዛ ላይ ግን ዓይንሽ ውስጥ ከሚጠቁረው በላይ ይጠቁራል፣ ስለሚቀዘቅዝ ነው፣ እንዳትደነግጪ።

አሁን መደብዘዙ። እኔ በጣም የያዘኝ እሱ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው በጣም ያነሰ ነው፣ ሌንሱ ላይ ያለው እንባ ይደርቃል፣ ፊደሉ ይንሳፈፋል። ስክሪኑ ሲደበዝዝብሽ አምስት ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ጨፍነሽ ግለጪ፣ ከጠራ ድርቀት ነው፣ ለሌንስ የሚሆን የእንባ ጠብታ ጠይቂ። ካልጠራ ደግሞ ቀን ቁጠሪ። ይሄ ሌንስ የሁለት ሳምንት ነው፣ አንድ ጊዜ ያንቺኑ ዓይነት ስሞታ ይዞ የመጣ ሰው ሌንሱን ሳየው አምስተኛ ሳምንቱ ላይ ነበር፣ "ገና ደህና ነው ብዬ" አለኝ 😄 አዲስ ጥንድ ሰጥቼው እዛው ወንበሩ ላይ እያለ ነው ያለፈለት። ዕድሜሽ ከ40 ካለፈ ደግሞ የቅርብ እይታሽን ተለኪ፣ እሱን ምንም ሌንስ ላይ አታሳቢው።

ጓደኛሽን በተመለከተ፣ ዓይን እንዲህ ዓይነት ጨለማ "ለምዶ" አይቀርም፣ ሌንሱ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው የሚታወቀው፣ ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ሳይከልል ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ማታ የማየት አቅሙ ለጊዜው ይቀንሳል።

እና አታውልቂ። በገባሽ በወጣሽ ቁጥር ጣት ዓይን ውስጥ መክተት 15 በመቶ ብርሃን ከማጣት በጣም የከፋ ነገር ነው፣ ኢንፌክሽን የሚመጣው በዛ መንገድ ነው። በቧንቧ ውሃም አታለቅልቂው፣ አካንታሜባ የሚባል ተውሳክ አለ ኮርኒያን፣ የዓይንን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን፣ የሚበላ። ቀልቶ ካመመሽ ወይም ብርሃን ማየት ካስጠላሽ ግን ወዲያው አውጪና ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ነገ አትበይ።

ጥያቄ፦ እኔም እሱኑ ሌንስ ልጀምር ነው፣ የፀሐይ መነጽሬን ለወንድሜ ብሰጠውስ? ፎቶ ላይስ ዓይኔ ይቀየራል?

መልስ፦ መነጽሩን አትስጥ ወንድሜ። ሌንሱ ዩቪ ቢከላከልም የሚሸፍነው የዓይንህን መሃል ብቻ ነው፣ ነጩ ክፍልና ቆቡ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው። የፀሐይ ግርዶሽ ቀንማ በሱ ተማምነህ ቀና እንዳትል። ፎቶውን በተመለከተ ቡናማ ዓይን ካለህ ብዙም አይታወቅም፣ ዓይናቸው ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ የሆነ ሰዎች ላይ ነው ፀሐይ ላይ ትልቅ ጥቁር ክብ ሆኖ ጎልቶ የሚወጣው።