እባቡ አልከፋም፤ ወለሉ እየፈጀው ነው

ጥያቄው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የመጣ ነው። ጠያቂዋ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። የ14 ዓመት ልጃቸው ከሦስት ወር በፊት አንድ ቦል ፓይተን (መርዝ የሌለው የዘንዶ ዓይነት) ከነመስታወት ቤቱ ከሌላ ሰው ገዛ። እንዲህ ይላሉ፦ «መጀመሪያ ጨዋ ነበር። አሁን ልጄ እጁን ሲያስገባ አንገቱን አጣጥፎ ያፏጫል። ባለፈው ሳምንት ነከሰውና ወዲያው ለቀቀው። አምስት ሳምንት ሙሉ ምግብ አልነካም። ቀኑን የውሃ ሳህኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ይውላል። ልጄ በርዶት ይሆናል ብሎ የእንጨት ፍቅፋቂ ጨምሮ አነጠፈለት። የሸጠለት ሰው ደግሞ የቆዳ ጓንት አድርግ፣ ምግቡን ሌላ ሳጥን ውስጥ ስጠው አለው። የሦስት ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ። እኔ ቢሸጥ ደስ ይለኛል፤ ልጁ ግን አለቀሰብኝ።»

እህቴ፣ ገና አይሽጡት። እኔ የእባብና የእንሽላሊት ቤት የምሠራና የምጠግን ሰው ነኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ ሳልጨርስ አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ከመስታወቱ ሥር የተለጠፈ ማሞቂያ አለ፤ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ግን የለውም። ወይም ቴርሞስታት ነው ተብሎ የተሸጠ የሚዞር ቁልፍ ብቻ ነው ያለው።

ለምን መሰለኝ? ውሃ ውስጥ የሚውል ቦል ፓይተን ብዙውን ጊዜ ወይ ሞቆታል ወይ ቅንቅን ወርሮታል። ፍቅፋቂው ሲወፍርም ነገሩ ይባባሳል። ፍቅፋቂ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ከታች ያለው መስታወት እየጋለ ይሄዳል። እባብ ደግሞ ቆፍሮ እታች መተኛት ይወዳል። ልጅዎ ደግ አስቦ ነው ያደረገው፤ ግን እሳቱ ላይ ብርድ ልብስ ደረበበት።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ማሞቂያውን ከሶኬት ይንቀሉት። ቤትዎ ከ70 ፋራናይት በላይ ከሆነ አንድ ሁለት ሌሊት ያለ ማሞቂያ ቢያድር አይጎዳም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፣ ኋላም እደግመዋለሁ። ትንሿ ልጅ እባቡን አትንካ። ቤቱንም፣ ሳህኑንም አትንካ። ጤናማ የሚመስል እባብ ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ይዞ ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ከ65 በላይ የሆኑና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች እባብም ሆነ ሌላ ተሳቢ እንዳይነኩ ይመክራል። ወንድሟ እባቡን ይዞ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ቢቆርስላትም ያው ነው።

አሁን ወደ ጠባዩ እንምጣ። ከደብዳቤዎ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ቃል «ወዲያው ለቀቀው» የሚለው ነው። እንዲህ ያለ እባብ የሚነክሰው በሁለት ምክንያት ነው። ለምግብ ብሎ ከነከሰ አይለቅም፤ ይይዝና ይጠመጠማል። ፈርቶ ከነከሰ መትቶ ይመለሳል። የእናንተው ፈርቷል። አንገቱን እንደ ኤስ ፊደል አጣጥፎ ራሱን ወደ ኋላ ሲስብ «አትቅረበኝ» ማለቱ ነው። ፉጨቱም ያው ነው። ሁለቱን እያየ እጁን የሚጨምር ሰው ለመነከስ ፈቅዷል ማለት ነው።

ቦል ፓይተን በተፈጥሮው ሲፈራ ይጠቀለላል፤ ጭንቅላቱን መሀል ከትቶ ኳስ ይሆናል። ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። ከመናከስ ይልቅ መደበቅን ይመርጣል። እንደዚህ ያለ እባብ መምታት ከጀመረ፣ መደበቂያው አልበቃውም ወይም አንድ ነገር እያሠቃየው ነው።

ተረጋግቶ ሳለ ደግሞ ምላሱን ረጋ አድርጎ፣ ረዘም እያደረገ ያወጣል፣ ያስገባል። ሰውነቱ እጅ ላይ ላላ ይላል። ደርቆ ቆሞ ምላሱንም ማውጣት ካቆመ ተጨንቋል፤ ይመልሱት። ማታ ማታ ጭንቅላቱን ከመደበቂያው አውጥቶ ወደ እንቅስቃሴው እያነጣጠረ ከተከተለ አድኖ ሊበላ ነው፤ ያኔ እጅ አይገባም። ዐይኑ ሰማያዊ ጭጋግ ከለበሰና ቆዳው ከደበዘዘ ቆዳውን ሊቀይር ነው። በዚያ ሰሞን በደንብ አያይም፣ ይደነግጣል። ቆዳው እስኪወልቅ ይተዉት።

አሁን አንድ ነገር በሰፊው ላስረዳ። ብዙ ሰው ስለማያውቀው እጁን ያስነክሳል።

የእባቡን የላይኛ ከንፈር ጠጋ ብለው ይመልከቱ፤ በመስታወቱ በኩል ማለቴ ነው። ተርታ የተደረደሩ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። ቀዳዳ ወይም ጠባሳ ይመስላሉ። ሙቀት የሚያዩበት አካል ናቸው። «የሚያዩበት» ያልኩት አውቄ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ስስ ሽፋን አለ፣ ሽፋኑ በነርቭ ጫፎች የተሞላ ነው። ከሞቀ ነገር የሚወጣው ለዐይን የማይታይ ጨረር ሽፋኑ ላይ ሲያርፍ በጥቂቱ ያሞቀዋል፣ ነርቩም ይነሣል። መልእክቱ አንጎል ውስጥ ከዐይን ከሚመጣው ምስል ጋር አንድ ቦታ ይገናኛል። ስለዚህ እባቡ ጨለማ ውስጥ አይጥ ሲመጣ ሞቃቱ አካል ከቀዝቃዛው ዙሪያ ተለይቶ ይታየዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በዚህ አካል ውስጥ ሙቀቱን የሚይዘውን ፕሮቲን ለይቷል። የዚያው ፕሮቲን ዘመድ በእኛ ሰውነት ውስጥ አለ፤ ሰናፍጭ ስንበላ አፍንጫችን ድረስ የሚወጣውን መለብለብ የሚያሳውቀን እሱ ነው። እኛ ሰናፍጭ የምናውቅበትን መሣሪያ ዘንዶው አይጥ ለማየት አዋለው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ምላሱ ደግሞ ሽታ ይሰበስባል። አየር ላይ ያለውን ቅንጣት ይዞ ይገባል፣ ላንቃው ላይ ያለው ልዩ አካል ያነበዋል። ሁለት ጫፍ ያለው ስለሆነ ሽታው ከግራ ይሁን ከቀኝ ይለያል።

እንግዲህ ልጅዎ እጁን ሲያስገባ በእባቡ በኩል ምን እንደሚሆን ያስቡት። ከላይ፣ ጭልፊት በሚመጣበት አቅጣጫ፣ አንድ የሞቀ ነገር በፍጥነት ይወርዳል። እጁ አይጥ ነክቶ ከሆነ አይጥ አይጥ ይሸታል። እባቡ ወይ ጠላት ነው ይላል ወይ ምግብ ነው ይላል። «ጌታዬ መጣ» የሚልበት መንገድ የለውም። የቆዳ ጓንትም ይህን አይፈታም። እንዲያውም ልጁ የእባቡ ጡንቻ ሲወጠር በእጁ እንዳይሰማው ያደርጋል። ሌላ ሳጥን ውስጥ ማብላትም አያስፈልግም። እየበላ ያለ ወይም ገና የዋጠ እባብ ማንሳት ራሱ ያስነክሳል፣ የዋጠውንም ሊያስተፋው ይችላል። ሻጩ የተናገረው ሁሉ እጁን ከንክሻ ለማዳን እንጂ የእባቡን ፍርሃት ለማብረድ አይደለም።

ወደ ጥገናው። ቤቱን ባዶ አድርጉ። እባቡን ክዳኑ በሚቆለፍ፣ አየር በሚያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። መጀመሪያ ሆዱን እዩ። ቅርፊቱ ከቀላ፣ ከጠቆረ ወይም ውሃ ከቋጠረ ተቃጥሏል፤ ቀጥታ ሐኪም ጋ ነው። ከዐይኑ ዙሪያና ከአገጩ ሥር፣ ውሃው ውስጥም፣ የሚንቀሳቀሱ ጥቁር ነጥቦች ካያችሁ ቅንቅን ነው። እሱም የሐኪም ጉዳይ ነው።

አሁን ማሞቂያውን ፈልጉ። ሁለተኛ እጅ ቤት ላይ ያላየሁት ጉድ የለም። ማሞቂያውን ከውስጥ በስኮች የለጠፉ አሉ። ስኮች ከእባብ ቆዳ ጋር ከተጣበቀ ቆዳውን ይዞ ይነሣል። ከሥር ለጥፈው ቤቱን ጠረጴዛ ላይ ድፍት ያደረጉም አሉ፤ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከአራቱ ማዕዘን ሥር የጎማ እግር ይግባና ትንሽ ክፍተት ይኑር። ገመዱ ከተላጠ ወይም ማሞቂያው ከታጠፈ ይጣል። የታጠፈ ማሞቂያ አይጠገንም።

መስታወቱ ላይ የምትለጠፈውን ክብ መለኪያም አውልቃችሁ ጣሏት። ርካሽ ናት፣ ትዋሻለች። ብትሠራም የምትለካው ላይኛውን አየር ነው፣ እባቡ የሚተኛው ወለሉ ላይ ነው። እሷ 85 እያለች ከሥሯ ያለው ወለል ከ120 ፋራናይት በላይ ሲሆን በተደጋጋሚ ለክቻለሁ። ጫፉ በሽቦ የሚወርድ ዲጂታል ቴርሞሜትርና እንደ ሽጉጥ የሚነጣጠር የኢንፍራሬድ መለኪያ ግዙ።

ቴርሞስታቱ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። የሚዞረው ቁልፍ ኃይል ይቀንሳል እንጂ ሙቀት አይለካም። እውነተኛ ቴርሞስታት የመለኪያ ሽቦ አለው። የሽቦውን ጫፍ በማሞቂያውና በመስታወቱ መካከል፣ ከውጭ በኩል አጥብቁት። ውስጥ ካስገባችሁት እባቡ ይጎትተዋል፤ ያኔ መለኪያው ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ሆኖ ማሞቂያውን ሙሉ ቀን ያነደዋል። ማሞቂያው ከወለሉ ሲሶውን ብቻ ይሸፍን። በሞቃቱ በኩል የመስታወቱ ፊት ከ88 እስከ 92 ፋራናይት (ከ31 እስከ 33 ሴልሺየስ) እስኪሆን አስተካክሉት። በቀዝቃዛው በኩል ከ76 እስከ 80 ይሁን። እባቡ ከመመለሱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን እየለካችሁ አሳድሩት።

ፍቅፋቂውን አውጡና የኮኮናት ልጣጭ አንጥፉ፤ በማሞቂያው በኩል ሳሳ ይበል። የሴዳር እንጨት ከሆነማ ዛሬውኑ ይጣል፣ ለእባብ መርዝ ነው። እርጥበቱ ከ55 እስከ 70 በመቶ ይሁን። መደበቂያ ሁለት ያስፈልጋል፣ አንዱ ሞቃቱ ጋ፣ አንዱ ቀዝቃዛው ጋ። ጠባብ ይሁኑ፤ ገብቶ ሲጠቀለል ጎኑ ግድግዳውን መንካት አለበት። የመስታወቱን ሦስት ጎን በካርቶን ሸፍኑ። ቀይ አምፖል ካለ አጥፉት። ቡና የሚፈላው እዚያው ሳሎን ከሆነ ደግሞ ወይ እባቡ ወይ ረከቦቱ ክፍል ይቀይር። የዕጣን ጭስ ሳንባው ላይ ጥሩ አይደለም።

ከዚያ አሥር ቀን ማንም አይንካው። ውሃ መቀየር ብቻ። ሳህኑ ወጥ ቤት አይታጠብ፣ ለምግቡ የሚሆነው የሞተና በፍሪዘር የደረቀ አይጥም ከቤተሰቡ ሥጋ ጋር አንድ ፍሪዘር አይቀመጥ። ትንሿም ልጅ እዚያ አትድረስ። አልኩኝ እደግመዋለሁ ብዬ።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ማታ፣ የቀለጠና የሞቀ አይጥ በረጅም መቆንጠጫ ይስጠው። የአይጡ ውፍረት ከእባቡ ወፍራም ቦታ አይብለጥ። ከበላ 48 ሰዓት እጅ አይነካውም።

ማንሳት ሲጀምር ጓንቱን ይጣለው። እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ የእባብ መንጠቆ ይያዝ። በመንጠቆው ወገቡን ቀስ አድርጎ ይንካው። እባቡ በጊዜ ብዛት «መንጠቆ ከነካኝ ምግብ የለም» ብሎ ይለምዳል። ከዚያ እጁን ከጎን ያምጣ፣ ከላይ አይሆንም። ወገቡን በአንድ እጅ፣ ጭራው አካባቢ በሌላው ይደግፍ። ጭንቅላቱን አይያዝ፣ አይጭመቅ። እባቡ ይሂድ፣ እጁ ይከተለው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንገቱን ካጣጠፈ ዝም ብሎ ይጠብቅ። ፊቱ ጋ አያምጣው፣ ለፎቶም ቢሆን። ሲጨርስ እጁን በሳሙና፣ እስከ ክርኑ ይታጠብ።

ነክሶ ካልለቀቀ አይጎተት። ጥርሱ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ የሚቀደው ቆዳ ነው። አፉ አካባቢ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስበት ይለቃል። መርዝ የለውም። ቁስሉን በሳሙና አጥቦ የቴታነስ ክትባቱ ጊዜው እንዳላለፈ ማየት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለዚህ እባብ ብቻ ነው። ልጅዎ ክረምት ላይ ሀገር ቤት ከሄደ የዱር እባብ ጋ መንጠቆም፣ እጅም አይቅረብ። እፉኝት ሰው ሲመጣ አይሸሽም፣ አያፏጭም ይሆናል፤ ቅጠል መስሎ ባለበት ይተኛል። እዚያ ያለው ሥራ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው።

አሁኑኑ ይመዝኑትና ክብደቱን ይጻፉ፤ በየሳምንቱም ይድገሙት። ሚዛኑ ለእሱ ብቻ የተለየ ይሁን። ጎልማሳ ቦል ፓይተን ወራት ሳይበላ ይቆያል፣ አምስት ሳምንት አያስደነግጥም። ከክብደቱ አሥር በመቶ ከቀነሰ ግን፣ ወይም አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ወይም አፉ ላይ አረፋ ካዩ፣ አይጠብቁ። ሐኪሙ ተሳቢ የሚያክም መሆኑን ስልክ ላይ ይጠይቁ፤ የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ እባብ አይቀበልም። ሲሄዱ የማሞቂያውንና የቴርሞስታቱን ፎቶ ይዘው ይሂዱ።